በመርከቧ መሐል የታቦቱ ቦታ

ደብረ ማርቆስ ላይ መርከብ የሚነድፍ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? ባሕሩ የት ሊሆን ነው? ጮቄ ተራራ ላይ? ግን ነበረ። ፍቅረ ሥላሴ ይባላል። ወጣትነቱን ምፅዋ ላይ፣ በባሕር ኃይል የመርከብ ጥገና ክፍል ውስጥ ንድፍ ሲሠራ ጨረሰ፤ ባሕሩም ባሕር ኃይሉም ሲቀሩ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። ቀጭን፣ ነጭናጫ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነው። ለእንጀራው የመኖሪያ ቤትና የሱቅ ፕላን ይሠራል። ደንበኞቹ በሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ እያሉ ሲጨቃጨቁት ይቆጣል፤ ተቆጥቶ ሲያበቃ ግን ያሉትን ያደርግላቸዋል። ከተማው "አድሚራሉ" ይለዋል። ባጃጅ ነጂዎቹ ባዩት ቁጥር "አድሚራል፣ ወደብ ላድርስህ?" ይሉታል። እሱ አንድ ቀን እንኳ ስቆላቸው አያውቅም፤ ቢስቅላቸው ኖሮ ይተዉት ነበር።

ብቸኛ ነበር። ይህን ማድበስበስ አያስፈልግም። አንዳንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ ከአፉ የሚወጣው ቃል ለባለ ሱቁ የሚለው "አንድ ዳቦ" ብቻ ነው፤ እሱንም ቶሎ እንዳያልቅበት ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚለው።

ጣና ሞልቶ ዳር ዳሩ ያሉትን መንደሮች ካጥለቀለቀበት ክረምት በኋላ፣ በጥር ወር፣ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ ፈንታ ነበር። ምፅዋ አብሮት የሠራ የሞተር ባለሙያ ነው፤ አሁን ባሕር ዳር ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ጀልባ ይጠግናል።

"ፍቅረ፣ ትንሽ መርከብ ልናሠራ ነው" አለው። "የባሕር ኃይል ዓይነት፣ ጠንካራ፣ ንፋስ የማትፈራ። ግን መድፍ የላትም። በክረምት ሰው ከጎርፍ ታወጣለች፤ በበጋ ክትባትና እህል ታመላልሳለች፤ ምጥ የጠናባትን እናት ታደርሳለች። ንድፉ በግንቦት መጨረሻ እጄ ከገባ፣ ሐይቁ ዳግም ሳይሞላ ብረት መቁረጥ እንጀምራለን።"

ፍቅረ ሥላሴ ስልኩን ዘግቶ ክፍሉ መሐል ቆመ። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠይቀው ለራሱ ሲነድፍ የኖረውን ነገር፣ ዛሬ ሰው ፈለገው። ደስታውን የሚነግረው ሰው ፈለገ፤ ስላጣ ወጥቶ ለአከራዩ ለአይናዲስ ነገራት። ልብስ እያሰጣች ነበር።

"ጣና ላይ?" አለች አይናዲስ። "እንግዲያውስ ወንድሜን ታገኛቸዋለህ ጋሼ ፍቅረ። ከዚያው ጎርፍ የወጡ ናቸው። ሰሞኑን እኔ ዘንድ ይመጣሉ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ብቻ አትጠይቃቸው። ቄስ ናቸው፤ ግን ከዚያ ወዲህ መቅደስ አልገቡም።"

ቄስ አካለ ወልድ መጡ። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ዝምተኛ፣ ጋቢያቸውን አጥብቀው የሚለብሱ ሰው ናቸው። ጧት ጧት ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ የቅጥሩን ግንብ ተሳልመው፣ እዚያው ውጭ ቆመው ጸልየው ይመለሳሉ። ቄስ ከቅጥር ውጭ ሲቆም ሰው አይቶ ዝም አይልም፤ ሰፈሩ ያንሾካሹክ ጀመር። ፍቅረ ሥላሴም ያያቸዋል። ለሰፈሩ መሳለቂያ መሆን ምን እንደሚመስል ያውቃልና ከሌላው ሰው ይልቅ ረጋ ብሎ ያያቸዋል፤ ሰላም ለማለት ግን አይደፍርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ለብርሃን ከፍቶ ሲሠራ ቄሱ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ምንድን ነው?" አሉ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት እያዩ።

"መርከብ ነው አባ። ከጎርፍ ሰው የምታወጣ።"

"ሰዉ የት ነው የሚሆነው?"

አሳያቸው። እዚህ የሚቀመጡት፣ እዚህ ደግሞ በቃሬዛ የሚጫኑት።

"ታቦቱስ?"

ፍቅረ ሥላሴ የቀለዱበት መሰለውና ነጭናጫነቱ መጣ። "አባ፣ ይህ መርከብ ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።"

"ታዲያ ጎርፍ ሲመጣ ቄስ ታቦቱን ጥሎ ይወጣል ብለው ነው የነደፉት?" አሉ ቄሱ። አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ ያለውን ሐዘን ሲያይ ግን ፍቅረ ሥላሴ በርጩማውን ሳበላቸው። ተቀመጡና ለእህታቸው እንኳ በቅጡ ያልነገሩትን ነገሩት።

"የኛ ማርያም ከሐይቁ ብዙም አትርቅም። አንድ ቀን ጧት ብንነሣ ውኃው ደጀ ሰላሙን አልፎ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ጀልባ መጣች። ጠባብ የብረት ጀልባ ናት፤ ነጂው የአገሩ ሰው አይደለም። ሰዉ ተሳፍሮ በየወንበሩ ተቀመጠ። እኔ ታቦቱን በራሴ ተሸክሜ በመጨረሻ ገባሁ። ስገባ ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ምን ያድርግ? ታቦት ሲመጣ ተቀምጦ የሚቀር ክርስቲያን የት አለ? ተነሣና ለታቦቱ ቦታ ለቀቀ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሸሸ። ነጂው 'ተቀመጡ! ተቀመጡ!' ይላል፤ ማን ይስማው። ጀልባዋ ዘንበል አለች። ከዚያ ወዲያ ውኃ ነው።"

ጋቢያቸውን አጠበቁ።

"ብዙ ሰው ወጣ፤ ሁሉም ግን አልወጣም። ባለቤቴ የብርጓል አልወጣችም። አጠገቤ ነበረች። ሁለት እጅ ነበረኝ፤ ሁለቱም ታቦቱ ላይ ነበሩ።"

ፍቅረ ሥላሴ የጨረሱ መስሎት ሻይ ሊቀዳላቸው ተነሣ። ቄሱ ግን አልጨረሱም ነበር። ታቦቷ አሁን ጎረቤት ደብር በእንግድነት ተቀምጣለች፤ ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያኑን እየጠገኑ ነው፤ ሰኔ ሃያ አንድ፣ በማርያም በዓል፣ ወደ መንበሯ ልትመለስ ነው። ምእመናኑ እሳቸው እንዲያስገቧት ይፈልጋሉ። የንስሐ አባታቸውም "ሂድ፣ ቀድስ" ብለዋቸዋል።

"እግሬ ግን ከቅጥሩ አላልፍ አለኝ" አሉ። "እርስዎ የመርከብ ሰው ነዎት። እስቲ ይንገሩኝ፤ እኔ ታቦቱን ይዤ ባልገባ ኖሮ ያቺ ጀልባ ትገለበጥ ነበር ወይስ አትገለበጥም? ሰዉ ሁሉ 'የእግዜር ፈቃድ ነው' ይለኛል። አዎ፣ ፈቃዱ ነው። ግን በማን በኩል? ይህን ሳላውቅ እጄን ዘርግቼ ታቦት መሸከም አልችልም።"

"ይሰላል" አለ ፍቅረ ሥላሴ። "ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሰላል።"

ከዚያ ቀን በኋላ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ እሳቸውም ከቅጥሩ ሥር ይመለሳሉ፤ ሻይ በሽምብራ ቆሎ ይቀርባል። የተገለበጠችውን ጀልባ ልክ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ በገመድ ዘረጉ። ቄሱ የወንበሮቹን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረጉ፤ ማን የት ተቀምጦ እንደነበር፣ ማን ልጅ እንዳዘለ፣ ማን ጤፍ በስልቻ ይዞ እንደነበር ያስታውሳሉ። ርዝመቱን በክንድ ሲነግሩት ፍቅረ ሥላሴ ተነጫነጨ።

"በክንድ የተለካ ነገር በምን ልቤ ላምን?"

"ኖኅ በክንድ ነው የሠራው" አሉ ቄሱ።

"ኖኅ የጫነው እንስሳ ነው አባ። እንስሳ ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል።"

ቄሱ ሳቁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ የተሰማው ያን ቀን ነበር፤ አይናዲስ ከማጀት ወጥታ አየቻቸው።

አዲሲቱም መርከብ በዚያው ወሬ መሐል ተለወጠች። ገበሬ ከብቱን ጥሎ እንደማይወጣ ቄሱ ነገሩት፤ ፍቅረ ሥላሴ ከፊት፣ ከአፍንጫዋ ተዘርግቶ መሬት የሚነካ፣ በሬ ተነድቶ የሚገባበት ሰፊ መወጣጫ አደረገላት። አራስ ሴት ከሰው መሐል እንደማትቀመጥ ነገሩት፤ ከኋላ የተከለለ ቦታ ወጣላት። ሆዷን ዝርግ፣ ጎኗን ሰፊ አደረገው። ትክክል መሐል ላይ ደግሞ፣ ከየትኛውም ጎን እኩል በሚርቅበት ነጥብ፣ ከፍ ያለ፣ መጋረጃ የሚዘረጋበት የታቦት ቦታ አበጀ። ሰዉ ይነሣ፣ ይሽሽ፤ ሲሸሽ ግን ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ይሄዳል። ይህን በሠራ ዕለት እርሳሱን ጥሎ ቄሱን ጠራቸውና እንደ ልጅ አሳያቸው። ያን ሰሞን ነው ቄሱ "እርስዎ" ማለቱን ትተው "ፍቅሬ" እያሉ "አንተ" ያሉት።

ፍቅረ ሥላሴም ተለወጠ። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ስለ አየሩ ያወራል። ባጃጅ ነጂው "አድሚራል!" ሲለው አንድ ቀን ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ የባሕር ኃይል ሰላምታ ሰጠው፤ ልጁ ደንግጦ ሊጋጭ ነበር። ከቀትር በኋላ ጆሮው ደጁ ላይ ነው። ቄሱ ከዘገዩ ሻዩን ሁለት ጊዜ ያሞቀዋል።

ሒሳቡ ያለቀው ቄሱ ይጁቤ ለቅሶ ሊደርሱ በሄዱበት ቀን ነው። ደግሞ ሠራው፤ ያው መጣለት። ሰዉ በየወንበሩ እንደተቀመጠ ቢቀር፣ ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ጭና፣ እየተንገዳገደችም ቢሆን ደረቅ መሬት ትደርስ ነበር። ሰዉ ቆሞ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ግን መዳኛ አልነበራትም። በአጭሩ፣ ቄስ አካለ ወልድ ታቦቱን ይዘው ባይገቡ ኖሮ የብርጓል ዛሬ በሕይወት ነበረች።

ይህን ለሰው እንዴት ይነግሩታል? ፍቅረ ሥላሴ አዘነላቸው፤ ማዘኑ እውነት ነው። ሐዘኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን መላ አያጣለትም ነበር። ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር ነበረ። መልሱን ካገኙ ቄሱ ይሄዳሉ። ቢያቆስላቸውም ይሄዳሉ፤ ቢያሳርፋቸውም ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ደጃፍ ላይ ማንም አይቆምም። 

"አለቀ?" አሉት ከይጁቤ ሲመለሱ።

"ገና ነው" አላቸው። "ከባድ ሒሳብ ነው።"

ሆሣዕና አለፈ፤ ፋሲካ አለፈ፤ ሒሳቡ ከባድ እንደሆነ ቀረ። ፍቅረ ሥላሴም ቄሱን የሚያቆይበት ወሬ እንዳያጣ መርከቧ ላይ ክፍል ይጨምር ጀመር። ማብሰያ ቤት ጨመረና "አባ፣ በጾም ቀን ለታመመ ሰው ምን ይቀርብለታል?" ብሎ ከሰዓቱን ሙሉ አስወራቸው። የሐኪም ክፍል ጨመረ። የእህል መጋዘን፣ የውኃ ማጣሪያ፣ ለአዛውንት መኝታ ጨመረ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጭራሽ ሁለተኛ ፎቅ ተጀመረ። መርከቧ ከሳምንት ሳምንት ከበደች፤ በከበደች ቁጥር ሆዷ ወደ ውኃው ጠልቆ ይወርዳል። የጎርፍ ውኃ ደግሞ ማሳ ላይ ሲተኛ ጉልበት ቢያሰጥም ነው፤ ከባድ መርከብ እዚያ ላይ ሆዷ መሬት ይነካል። ሰዎቹ ጉብታ ላይ ሆነው እየጮሁ እሷ ሩቅ ቆማ ልታያቸው ነው። ይህን ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እያወቀ ይጨምራል።

ፈንታ ደወለ። ፍቅረ ሥላሴ የደረሰበትን ሲነግረው፣ "ፍቅረ፣ የምትሠራልኝ መርከብ ነው ሆቴል?" አለው። "ግንቦት እኮ ደረሰ። ክረምቱ አንተን አይጠብቅም።"

"ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"ምንድን ነው የቀረህ?"

ፍቅረ ሥላሴ ስልኩን ዘጋው።

በልደታ ማግሥት ሁለት ሽማግሌዎች ከሐይቁ ዳር መጡ። አይናዲስ ግቢው ውስጥ አግዳሚ አውጥታ አስቀመጠቻቸው። ጠላ ቀረበላቸው፤ ሳይቀምሱ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

"አባታችን፣ ጣራው አልቋል" አለ ታላቅየው። "ሰኔ ሃያ አንድ ማርያም ትገባለች። ይምጡና ያስገቡልን። እርስዎ ክርስትና ያላነሡት ልጅ በመንደሩ የለም። አይሆንም ካሉን ግን ቁርጡን ይንገሩንና ሌላ ቄስ እንለምን።"

ቄሱ ቀና ብለው ወደ ፍቅረ ሥላሴ መስኮት ተመለከቱ።

"ምላሽ የምጠብቀው ሰው አለ" አሉ። "ትንሽ ታገሡኝ።"

ፍቅረ ሥላሴ መስኮቱ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰማ። ሽማግሌዎቹ አቧራቸውን አራግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ አየ።  ተቀምጦ ላጲሱን አነሣና ሁለተኛውን ፎቅ አጠፋ። ከዚያ መኝታውን አጠፋ። ማብሰያ ቤቱን፣ መጋዘኑን አጠፋ። የሐኪሙን ክፍል ወደ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሳጥን አወረደው። ማምሻውን መርከቧ በጾሙ መሐል እንደነበረችው ቀላል ሆና ወረቀቱ ላይ ቀረች።

ንድፍ ሳይሞከር አይላክም፤ ምፅዋ የተማረው እንደዚያ ነው። ከዋንዛ እንጨት የጠረባት ትንሽ መርከብ ነበረችው። በማግሥቱ የአይናዲስን ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውኃ ሞልቶ ግቢው መሐል አስቀመጠ። ሰው የሚሆኑትን ቡሎኖች መዝኖ መርጧቸዋል፤ አንዱ ቡሎን አንድ ሰው ነው። ቄሱ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ያቺንስ?" አሉ።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠች አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ጀልባ ነበረች። በእሳቸው ልክና ትዝታ፣ ገና በጾሙ መጀመሪያ ፍቅረ ሥላሴ የሠራት ናት።

"እሷ አታስፈልግም አባ።"

"አምጣት።"

አመጣት። ቄሱ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ አደረጉና ቡሎኖቹን በገዛ እጃቸው ይደረድሩ ጀመር። እያንዳንዱን ሲያስቀምጡ ስም ይጠራሉ፤ የሞተውንም የተረፈውንም። "ይህ ዘበኛችን ነው። ይህቺ ያለምወርቅ ናት፤ ልጅ አዝላለች" ብለው ትንሽ ቡሎን ይደርቡላታል። አንዱን ከሌሎቹ ለየት አድርገው ከጀልባዋ አፍንጫ አጠገብ አስቀመጡ። "ይህቺ የብርጓል ናት" አሉ። የቆርቆሮዋ ጀልባ ጠርዟ ውኃውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተንሳፈፈች። ቆየች። አልሰጠመችም።

"ይህ እኔ" ብለው አንድ ቡሎን ጨመሩ። ከዚያ በጣታቸው ሰዉን አንድ በአንድ ወደ ወዲያኛው ወገን ይገፉ ጀመር። "መጀመሪያ የተነሣችው የብርጓል ናት። ሌላው እሷን አይቶ ነው የተነሣው።"

ጥቂት እንደገፉ ጀልባዋ ተገለበጠች። ቡሎኖቹ ሳፋው ሥር ወርደው ተበተኑ።

"እኔ ባልገባስ?" አሉ ቄሱ።

"አባ..."

"ፍቅሬ፣ ባልገባስ?"

"አትገለበጥም ነበር።"

ይህን ተናግሮ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።  ከግቢው ውጭ ባጃጅ ጥሩምባዋን እየነፋች አለፈች።

"ክብደት ነው እንግዲህ" አሉ ቄሱ ውኃውን እያዩ።

"ክብደት ነው።"

"ቁጣ አይደለም።"

"እኔ ስለ ቁጣ አላውቅም አባ። በዚህ ሳፋ ውስጥ ያየሁት ግን ክብደት ብቻ ነው። ሰዉ ቆመና ወደ አንድ ወገን ሄደ። ጀልባዋን የሠራት ሰው፣ በዚህ አገር ታቦት ሲገባ ሰው እንደሚነሣ አያውቅም ነበር።"

ቄሱ እጃቸውን ሳፋው ውስጥ ከተው ከቡሎኖቹ አንዱን አወጡ፤ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም። "እኔ እኮ ማርያም የናቀችኝ መስሎኝ ነበር" አሉ። "እጄ ለእሷ አልተገባም፣ በእኔ ጦስ ሰዉን ጨረሰችው ብዬ ነው የኖርኩት። ለካ አክብረዋት ነው የሞቱት። የብርጓል አክብራት ነው የሞተችው።" ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ፍቅረ ሥላሴ ሥራውን ቀጠለ። የዋንዛዋን መርከብ ውኃው ላይ አስቀመጠ። ቡሎኖቹን ጫነ፤ ከመሐል ወደ ሁለቱ ጎን አሸሻቸው፤ ንቅንቅ አላለችም። ሁሉንም ሰብስቦ ወደ አንድ ወገን ከመራቸው። ዘንበል አለች፤ ዘንበል እንዳለች ቆመች። ቄሱ ጋቢያቸውን ገልጠው አዩ።

"ይህቺ ትቆማለች" አለ ፍቅረ ሥላሴ።

"ትቆማለች" አሉ። ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እሱ ዞሩ። "መቼ ነው ያወቅኸው? ያቺ ስትገለበጥ አንተ አልደነገጥህም።"

መዋሸት ይችል ነበር። ሰለቸው። "ከሆሣዕና በፊት" አለ።

"ከሆሣዕና በፊት?"

"ብነግርዎ ይሄዳሉ ብዬ ነው አባ። ሌላ ሰው የለኝም።"

ቄሱ ከበርጩማው ተነሡ። ፊታቸው ጠቆረ። "እኔ እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ ሲነጋብኝ፣ እርስዎ እዚያ ግድግዳ ማዶ መልሱን ይዘው ይተኙ ነበር" አሉ። ከጾሙ መሐል ወዲህ "እርስዎ" ብለውት አያውቁም ነበር። ፍቅረ ሥላሴ ቢመቱት ይመርጥ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ደጃፉ ላይ ማንም አልቆመም። ንድፉን ጠቅልሎ በአውቶቡስ ለፈንታ ላከው። ፈንታ ደወለና፣ "አሁን መርከብ ሆነች!" አለው። "ግን መሐሏ ላይ ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ ምን አመጣው? ወንበር እንጨምርበት?"

"እንዳትነካው። የታቦት ቦታ ነው" አለና ምክንያቱን አስረዳው። ፈንታም፣ "እሺ፣ አይነካም" አለ። ትልቅ ነገር ነበር፤ ሥራው አልቋል፣ መርከቧም ልትሠራ ነው። ፍቅረ ሥላሴ ስልኩን ዘግቶ ለማን እንደሚነግረው አሰበ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድቶ እንደነበር ያየው ያን ጊዜ ነው።

አንድ እሑድ አይናዲስ ነጠላዋን እንዳደገደገች ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መስኮቱን አንኳኳች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "ጋሼ ፍቅረ፣ ወንድሜ ዛሬ ቅጥሩን አልፈው ገቡ! ውስጥ ቆመው አስቀደሱ!" አለችው። "እሰይ" አላት። ከልቡ ነው ያላት።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ገባ። ቄሱ የሚሄዱበትን ቀን ከአይናዲስ ሰማ። ሊሰናበታቸው ይውጣ አይውጣ ሲያመነታ ነጋ። መንገዱ ጭቃ ነው። በመስኮቱ ሲያይ፣ ቄሱ ጥቅላቸውን አንግተው፣ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ከእህታቸው ቤት ወጡ። ወደ መናኸሪያ የሚወስደው በር በስተግራ ነው። እሳቸው በስተቀኝ ዞረው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ፍቅሬ።"

ከፈተ። ጫማ እንኳ አላደረገም።

"ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ አልመጣሁም" አሉ ቄሱ። "ቄስ ነኝና አፌ ቶሎ ይለዋል፤ ልቤ ግን ገና ነው። ልቤ ሲለው መልእክት እልክልሃለሁ።"

"እሺ አባ።"

"የመጣሁት ለሌላ ነው። የክርስትና ስምህን ንገረኝ። የማርያም ዕለት እኔ ነኝ የምቀድሰው። በጸሎት ላነሣህ እፈልጋለሁ፤ በክርስትና ስም ካልሆነ አይነሣም።"

 ፍቅረ ሥላሴ ስሙን አልረሳውም። በዚያ ስም የምትጠራው እናቱ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ወዲህ በዓለም ላይ ከእሱ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ምፅዋ ላይ ማንም አልጠየቀውም። ማርቆስ ላይም ማንም አልጠየቀውም።

"ገብረ ሚካኤል" አለ።

"ገብረ ሚካኤል" ብለው ደገሙት ቄሱ፣ እንዳይረሱት ቀስ አድርገው። "በዚያ ቀን ብቻ አይደለም። እስካለሁ ድረስ በቀደስኩ ቁጥር እጠራሃለሁ።"

መስቀላቸውን ዘረጉለት፤ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። ጥላቸውን አስተካክለው በጭቃው መንገድ ወረዱ። ማዕዘኑ ላይ እስኪታጠፉ ድረስ በባዶ እግሩ ደጃፉ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ማንም እንዳይሰማው ሳይል፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።